ቀንን የመረጠች አይጥ፦ የስሜን ተራሮች የሣር አይጥ፣ ቀይ ቀበሮና ሥነ ሕይወታዊ ሰዓት

አብዛኞቹ የአይጥ ዝርያዎች የሌሊት እንስሳት ናቸው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበር በኩል ወደ ጊች ሜዳ የሚወጣ ተመራማሪ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያያል። ፀሐይ ሞቅ ስትል በሣሩ ሥር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚሯሯጡት አይጦች ቀን ሠርተው ሌሊት የሚያርፉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዋነኛዋ በሳይንሳዊ ስሟ አርቪካንቲስ አቢሲኒከስ የምትባለው የሣር አይጥ ናት። ስሙን በ1842 ዓ.ም. (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ያወጣላት በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ሲሆን፣ የዋልያንና የቀይ ቀበሮን ሳይንሳዊ ስያሜም የሰጠው እርሱ ነው። ዩርግ ፓውል ሙለር በ1977 በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ስለዚህችው አይጥ የሕዝብ ሥነ ምህዳር ያሳተመው ጥናት ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ይህች አይጥ ቀንን ለምን መረጠች፣ ምርጫዋስ በእርሷ ላይ ለሚኖረው አዳኝ ምን ትርጉም አለው የሚል ነው።

በቅድሚያ «ሰዓት» የሚለውን ቃል መወሰን ያስፈልጋል። አንድ እንስሳ ቀን ስለታየ ብቻ ሥነ ሕይወታዊ ሰዓት አለው አይባልም፤ ለብርሃን በቀጥታ ምላሽ እየሰጠ ሊሆን ይችላልና። ሰዓት ለመባል ዑደቱ ብርሃንና ሙቀት ሳይለዋወጡ በተያዙበት ሁኔታም 24 ሰዓት ገደማ እየጠበቀ መቀጠል፣ በብርሃን መቃኘት፣ የአካባቢው ሙቀት ከፍ ወይም ዝቅ ሲልም ፍጥነቱን አለመለወጥ አለበት። ፈረንሳዊው ደ ሜራን በ1729 አትንኩኝ የምትባለውን ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ቅጠሏ መከፈትና መዘጋቱን እንዳላቋረጠች ከዘገበ ወዲህ መለኪያው በመሠረቱ አልተለወጠም። በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ ደግሞ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የሰዓቱን ሞለኪውላዊ አሠራር አሳዩ፦ «ፒሪየድ» የተሰኘው ጂን የሚያስመርተው ፕሮቲን ተጠራቅሞ የራሱን ጂን ያፍናል፣ ፕሮቲኑ ሲፈርስ ጂኑ እንደገና ይነሣል፤ ይህ ምልልስ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል።

በአጥቢዎች ዘንድ ዋናው ሰዓት ከዓይን ነርቮች መስቀለኛ በላይ በሃይፖታላመስ ውስጥ የሚገኝ፣ ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክሊየስ የሚባል ጥቃቅን ጥንድ የነርቭ ክምችት ነው። በ1972 ሁለት ቤተ ሙከራዎች በየራሳቸው ይህን ክፍል በአይጥ አንጎል ውስጥ ሲያጠፉት የዕለት ዑደቱ እንደሚጠፋ አረጋገጡ። የሣር አይጦች ለዚህ የምርምር ዘርፍ ልዩ ጥቅም የሰጡት ከዚህ በኋላ ነው። በ1993 ከኬንያ ማሳይ ማራ ተይዘው ወደ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተወሰዱት የአርቪካንቲስ ኒሎቲከስ አይጦች ዘሮች፣ የስሜኗ አይጥ የቅርብ ዘመዶች፣ ለቀን አጥቢዎች ጥናት ዋነኛ የቤተ ሙከራ እንስሳ ሆነዋል። ውጤቱ ብዙዎች ከጠበቁት የራቀ ነበር። የቀኗና የሌሊቷ አይጥ ዋና ሰዓት እርስ በርሱ የተገለበጠ አይደለም፤ በሁለቱም ይኸው የነርቭ ክምችት ይበልጥ የሚነቃው በቀን ነው፣ ሜላቶኒንም በሁለቱም የሚመነጨው በሌሊት ነው። ልዩነቱ የሚፈጠረው ከሰዓቱ በታች ባሉት፣ መልእክቱን ተቀብለው ወደ እንቅስቃሴ ወይም ወደ ዕረፍት በሚተረጉሙት የአንጎል ክፍሎች ነው። ደወሉ አንድ ነው፤ አንዱ ሲሰማው ይነሣል፣ ሌላው ይተኛል። ከዚህም አልፎ ከእነዚህ የኬንያ አይጦች አንዳንዶቹ የመሮጫ ጎማ ሲሰጣቸው ወደ ሌሊት ሯጭነት ተለውጠዋል። ስለዚህ የቀን ኑሮ ሊላላ የሚችል ትርጓሜ እንጂ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ከሆነ ከተለዋጮቹ መካከል ቀንን ያስመረጠው ግፊት ምን ሊሆን ይችላል? በእኔ ግምት አሳማኙ መልስ ብርድ ነው። ጊች ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሜዳ ነው፤ በበጋ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ ሣሩን አመዳይ ሲያለብሰው፣ ቀኑ ግን በፀሐይ ይሞቃል። በአፍሪካ ደጋማ ተራሮች ዕፅዋት ጥናቱ የታወቀው ስዊድናዊ ኡሎቭ ሄድበሪ እንዳስገነዘበው፣ በእነዚህ ቦታዎች የበጋና የክረምት ያህል የሙቀት ልዩነት የሚፈራረቀው በዓመት ውስጥ ሳይሆን በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ፋን ደር ፊነና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ሙከራ፣ የሌሊት እንስሳ የሆነችው የቤተ ሙከራ አይጥ ምግቧን ለማግኘት ብዙ እንድትሠራ ስትደረግና ብርድ ሲጨመርባት እንቅስቃሴዋን ወደ ቀን አዛውራለች። አመክንዮው ቀላል ነው፦ በጣም ቀዝቃዛውን ጊዜ በጎጆ ሙቀት ውስጥ ተኝቶ፣ ሞቃቱን ጊዜ በሥራ ማሳለፍ ጉልበት ይቆጥባል። ጥቂት ግራም የምትመዝን ሳይሆን አንድ መቶ ግራም የምትደርስ አይጥም ብትሆን፣ ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ያባክናልና ይህ ቁጠባ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በእርግጥ ዋጋ ትከፍላለች፤ የቀን ጭልፊትና ቀበሮ ያያታል።

እዚህ ላይ ነው ቀይ ቀበሮ የሚገባው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን እየተንቀሳቀሱ በቀን አይጥ ያድናሉ፤ ሌሊት ከመኝታቸው ብዙም አይርቁም። በመንዝ ጓሳ የተደረገውና በ2015 የታተመው ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ጭላዳም ሌሊቱን በገደል አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው የሚወጣ፣ ማታ የሚወርድ የቀን እንስሳ ነው። ሣር፣ አይጥ፣ ጭላዳና ቀበሮ በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም የተገጣጠሙ ናቸው።

ችግሩ በዚህ ሜዳ ቀንን የሚጠቀመው ሰውም መሆኑ ነው። ጌይኖርና ባልደረቦቿ በ2018 በ62 የአጥቢ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ 76 ጥናቶችን አጠናቅረው፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ እንስሳት የሌሊት እንቅስቃሴያቸውን በአማካይ በ1.36 እጥፍ እንደሚያሳድጉ አገኙ፤ ጊዜውን እኩል ለቀንና ለሌሊት ያካፍል የነበረ እንስሳ 68 በመቶውን ወደ ሌሊት ያዞራል ማለት ነው። ለጅብ ወይም ለነብር ይህ መጠነኛ ማስተካከያ ሊሆን ይችላል። ስሜንን ጨምሮ የሰው ጫና በበረታባቸው ቦታዎች ወደ ማታና ወደ ሌሊት እንደሚያዘነብል ለተስተዋለው ቀይ ቀበሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሌሊት ሲወጣ ምግቡ ጉድጓድ ገብቶ ተኝቷል። መኖሪያው በካርታ ላይ ሳይነካ በሰዓት ተፈናቅሏል። የጥበቃ ዕቅዶች በሄክታር ብቻ መጻፋቸው ይህን ጉዳት እንዳይታይ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን በስሜን ሊለካ ለሚነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥቂት የአሠራር ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው የጊዜ አመዘጋገብ ነው። ከንጋት የሚነሣው የሀገራችን አቆጣጠር ተመራማሪዎች ብርሃን ከበራበት ቅጽበት ከሚቆጥሩት የቤተ ሙከራ ሰዓት ጋር በአስገራሚ ሁኔታ ይቀራረባል፤ እኩል ግን አይደለም። በደባርቅ ኬክሮስ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይለያያል፤ ፀሐይ በግንቦት መጨረሻ 12 ሰዓት ገደማ፣ በጥር አጋማሽ ደግሞ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ትወጣለች። ስለዚህ መረጃው ከእጅ ሰዓት ይልቅ ከፀሐይ መውጫ ጋር መያያዝ አለበት፤ በገደል ጥላ ሥር ደግሞ የብርሃን መለኪያ ማኖር ይሻላል። ሁለተኛው፣ ራሳቸውን የሚያነሡ ካሜራዎች የሚነቁት በእንስሳውና በመሬቱ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ስለሆነ፣ እኩለ ቀን መሬቱ ሲግል ትንሿን አይጥ ሊስቷት ይችላሉ፤ ካሜራው «በቀትር አይጥ የለም» ቢል ወዲያው ማመን አይገባም። ሦስተኛው፣ በመስክ የሚታይ ዑደት ብቻውን የውስጥ ሰዓትን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ብርሃኑ በማይለዋወጥበት ክፍል የሚደረግ ክትትል ያስፈልጋል።

የሰውን ድርሻ ከተፈጥሮው ለመለየት ግን ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መንገድ አለ። የእረኛና የመንገደኛ ብዛት በገበያ ቀን፣ በሰንበትና በሥራ ቀን ይለያያል። ፀሐይ የ24 ሰዓት፣ ጨረቃ የ29 ቀን ተኩል ዑደት አላቸው፤ ሳምንት ግን የሰው ሥራ ነው። የቀበሮው የሌሊት እንቅስቃሴ በየሰባት ቀኑ ከፍና ዝቅ የሚል ሆኖ ከተገኘ፣ ምክንያቱ ከብርድ፣ ከብርሃንም ሆነ ከአይጥ ሊመጣ አይችልም። የጨረቃ ሩብ ሰባት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሚሆን ከሳምንቱ ጋር እንዳይምታታ፣ ክትትሉ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይቋረጥ መዝለቅ ይኖርበታል።