ቀዩ መስመር ወርቅ ነው



ወባ ባለበት አካባቢ ያደጋችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወጋ አድርጋ አንድ ጠብታ ደም ትንሿ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ታደርጋለች፤ ፈሳሽ ታንጠባጥብበታለች፤ ትንሽ ቆይቶ ቀላ ያለ መስመር ይወጣል። ብዙዎቻችን ቅላቱ ከደሙ የመጣ ይመስለናል። አይደለም። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ የሚታየው መስመር ወርቅ ነው፤ የእናቶቻችን ጉትቻ የሚሠራበት ያው ወርቅ።

ወርቅ እንዴት ቀይ ይሆናል? ጉዳዩ የመጠን ነው። በብረታ ብረት ውስጥ ከአንድ አቶም ጋር ያልታሰሩ፣ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ስለሆነ ሲያርፍባቸው ወዲያና ወዲህ ይገፋቸዋል። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ አብዛኛውን ብርሃን መልሰው ይወረውሩታል፤ የብረት ማንጸባረቅ ከዚህ ይመጣል። ወርቅ ሰማያዊውን ክፍል ስለሚያስቀር የሚመለሰው ብርሃን ቢጫ ይሆናል።

አሁን ወርቁን 20 ናኖሜትር ስፋት ያላት እንክብል እስክትሆን አሳንሱት። የሰው ፀጉር ውፍረት በግምት 80,000 ናኖሜትር ነው። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ እንክብሏ ከሞገዱ በብዙ እጥፍ ታንሳለች። ስለዚህ ሞገዱ ኤሌክትሮኖቿን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይገፋቸዋል፤ በሌላው ጎን የቀረው ፖዘቲቭ ቻርጅ ደግሞ መልሶ ይስባቸዋል። ይመለሳሉ፣ አልፈው ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። ዥዋዥዌ በሉት። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በምቱ ከገፋችሁት በትንሽ ጉልበት ከፍ ይላል፤ ያለ ምቱ ከገፋችሁት ትርፉ ድካም ነው። የደቃቅ ወርቅ ምት 520 ናኖሜትር አካባቢ ካለው አረንጓዴ ብርሃን ጋር ይገጥማል። አረንጓዴው ተውጦ ሲቀር ለዓይናችን የሚደርሰው ቀዩ ነው። ደቃቅ ብር 400 አካባቢ ያለውን ውጦ ቢጫ ይመስላል፤ ደቃቅ መዳብ ደግሞ ቀይ። ይህን የኤሌክትሮኖች የጋራ ውዝዋዜ የፊዚክስ ሰዎች ፕላዝሞን ይሉታል።

በመመርመሪያው ውስጥ ያለው የወርቅ እንክብል የወባ ተውሳክን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ተለጥፎበታል። ፕሮቲኑ በደሙ ውስጥ ካለ እንክብሎቹ መስመሩ ላይ ተይዘው ይከማቻሉ፤ ከሌለ አልፈው ይሄዳሉ። ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ መብራትም አያስፈልግም።

ይህ ክስተት ከሙስሊሙ ዓለም ታሪክ ጋርም ይገናኛል። በዐባሲያ ኺላፋ ዘመን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ የዒራቅ ሸክላ ሠሪዎች ዛሬ ለስተር የሚባለውን አንጸባራቂ ሸክላ ይሠሩ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሸክላው በነጭ የመስታወት ቅብ ተሸፍኖ ይተኮሳል። ከዚያ የብርና የመዳብ ውህድ ከቀይ አፈርና ከኮምጣጤ ጋር ተለውሶ ሥዕል ይሣልበታል። ከዚህ በኋላ ያለው እሳት ነው ብልሃቱ። ዕቃው ወደ እቶን ይመለሳል፤ ሙቀቱ ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ 600 ዲግሪ ገደማ። አየር እንዳይገባ ተደርጎ እቶኑ በጭስ ይሞላል። ብሩና መዳቡ በቅቡ ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ፖታሲየም ተክተው ይሰርጋሉ፤ ጭሱ ኦክስጅን ስለሚነጥቅ እዚያው ደቃቅ የብረት እንክብል ይሆናሉ። ዕቃው ቀዝቅዞ ሲወጣ ጥቁር አፈር የተለጠፈበት ይመስላል። አፈሩ ታሽቶ ሲነሳ ከሥሩ ወርቅማ ወይም ቀይ ብልጭታ ይወጣል። በዘመናችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ያ ሥዕል ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ሆኖ፣ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ቢበዛባቸው የሆኑ እንክብሎች የታጨቁበት ንጣፍ ነው። ቱኒዚያ ውስጥ በቀይረዋን ታላቁ መስጂድ ሚሕራብ ዙሪያ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ጡቦች እስከ ዛሬ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ሙስሊሞች ናኖቴክኖሎጂን ከሺህ ዓመት በፊት አገኙ» የሚል ጽሑፍ በስልካችን ሲዘዋወር እናያለን። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ሠሪዎቹ ስለ ኤሌክትሮን አያውቁም ነበር፤ ቀዳሚዎችም አይደሉም። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የሮማውያን የላይከርገስ ዋንጫ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ ብርሃን ከውጭ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራበት ቀይ የሚሆነው በብርና በወርቅ እንክብል ነው። ለስተርም ከሸክላ በፊት በመስታወት ላይ ተሞክሯል። የዒራቆቹ የራሳቸው የሆነ ሌላ ነገር አላቸው፦ ምን ያህል ጭስ፣ ምን ያህል እሳት፣ መቼ መቆም እንዳለበት ማወቅ። ይህ እውቀት ወደ ግብፅ፣ ወደ ፋርስ፣ ወደ አንደሉስ ተሻግሯል። ከካሻን የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው አቡል ቃሲም በ1301 አሠራሩን በፋርስኛ ጽፎ አስቀምጧል። ይህ በቂ ክብር ነው፤ ያላሉትን ልናስብላቸው አይገባም።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ በሙከራ የተያዘው በ1857 ነው። ማይክል ፋራዴይ ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ብርሃን ሲያሳልፍ የሚሻገረው አረንጓዴ ሆነ፤ ፈሳሽ ውስጥ የተበተነው ወርቅ ደግሞ ቀይ። ቀዩ ፈሳሽ እዚህም ያው ወርቅ መሆኑን፣ ልዩነቱ ደቃቅነቱ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ሒሳቡን ጉስታቭ ሚ በ1908 ሠራው።

ስስ የወርቅ ንጣፍም የራሱ ጨዋታ አለው። በመስታወት ፕሪዝም ላይ 50 ናኖሜትር ያህል ወርቅ ተቀብቶ ብርሃን ከመስታወቱ በኩል ሲላክበት፣ በአንድ የተወሰነ ማዕዘን ላይ ነጸብራቁ ድንገት ይጠፋል፤ ጉልበቱ በወርቁ ገጽ ላይ በሚሄድ ሞገድ ይወሰዳል። ወርቁ ላይ አንድ ረድፍ ፕሮቲን ቢጣበቅ እንኳ ማዕዘኑ ይቀየራል። መድኃኒት ከፕሮቲን ጋር መጣበቁን የሚለኩ መሣሪያዎች በዚህ ይሠራሉ።

የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ መምህራችሁን ጠይቁና ይህን በላብራቶሪ ሞክሩት። በጣም የቀጠነ የወርቅ ክሎራይድ ውሃ አፍሉና ሶዲየም ሲትሬት ጨምሩበት። ከደቂቃዎች በኋላ ፈዛዛው ቢጫ ጠቁሮ ወደ ወይን ጠጅ ቀይ ይለወጣል። ሲበርድ ጥቂቱን በሌላ ብልቃጥ ቅዱና ትንሽ የገበታ ጨው ጣል አድርጉበት። ጨው እንክብሎቹ እንዳይጠጋጉ የሚያደርገውን ቻርጅ ያዳክመዋል፤ ተሰብስበው ይጣበቃሉ፤ ምታቸው ይቀየራል፤ ቀዩም እያያችሁት ሰማያዊ ይሆናል።