የሲያትል ቀዛፊዎች

በአሜሪካ አገር በምዕራብ በኩል ሲያትል የምትባል ከተማ አለች። በእርስዋም ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚባል ታላቅ ትምህርት ቤት ይገኛል። ትምህርት ቤቱ በሐይቅ ዳር ስለ ተሠራ ተማሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ ጀልባ መቅዘፍ ይማራሉ።

የእሽቅድምድም ጀልባ ዓሣ እንደሚያጠምዱባት ጀልባ አይደለችም። ርዝመትዋ 18 ሜትር ያህል ነው፤ ወርድዋ ግን አንድ ሰው ብቻ ያስቀምጣል። ስምንት ቀዛፊዎች በተርታ ይቀመጡባታል፤ እያንዳንዱም አንድ ረጅም መቅዘፊያ ይይዛል። የሚያስደንቀው ግን ቀዛፊዎቹ የሚሄዱበትን አለማየታቸው ነው፤ ጀርባቸውን ወደ መሄጃው አዙረው ይቀመጣሉና። ወደ ፊት የሚያይ ዘጠነኛው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ሳይቀዝፍ በኋለኛው ጫፍ ተቀምጦ ይመራቸዋል። ስምንቱ መቅዘፊያዎች ባንድ ጊዜ ውሃውን ካልነኩ ጀልባይቱ ትናወጣለች። አንዱ እጅግ ብርቱ ቢሆን እንኳ ጓደኞቹን ካልጠበቀ ብርታቱ ጉዳት ይሆናል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ሥራና ገንዘብ ጠፍቶ ነበር። ከቀዛፊዎቹ ብዙዎቹ የድሃ ልጆች ነበሩ። ጆ ራንትዝ የሚባለውን በ15 ዓመቱ ቤተ ሰቦቹ ጥለውት ስለ ሄዱ ራሱን በጕልበት ሥራ አሳደገ። ጀልባቸውን ከዝግባ እንጨት የሠራላቸው ከእንግሊዝ አገር የመጣው ጆርጅ ፖኮክ ነው።

በዚያ ዓመት በጁን ወር፥ በየዓመቱ በሀድሰን ወንዝ ላይ ይደረግ በነበረው የኮሌጆች እሽቅድምድም አሸነፉ። ጁላይ 5 ቀን ደግሞ በፕሪንስተን ተወዳድረው ቀደሙ፤ በበርሊን በሚደረገው ኦሊምፒክ ስለ አሜሪካ እንዲቀዝፉም ተመረጡ። ነገር ግን ደስታቸው ሳይበርድ የኦሊምፒክ ሹማምንት መንገዳቸውን የሚከፍል ገንዘብ እንደሌለ ነገሩአቸው። 5000 ዶላር በጥቂት ቀን ካላገኙ ሁለተኛ የወጡት በእነርሱ ፈንታ ይሄዳሉ ተባለ። አሸንፎ ሳለ ስለ ገንዘብ ቅር ቢል የማያዝን ማን ነው?

ወሬው ሲያትል ደረሰ። የከተማይቱ ጋዜጦች ነገሩን ጽፈው ሕዝቡን ለመኑ። ተማሪዎች በልብስ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ምልክት ይዘው በየመንገዱ ሸጡ። ልጆቹ ከተወለዱባቸው ትንንሽ ከተሞችም ገንዘብ መጣ። በሁለት ቀን ያህል ጊዜ 5000ው ዶላር ሞላ፤ ልጆቹም ጁላይ 15 ቀን ከነጀልባቸው በመርከብ ተሳፈሩ።

በጀርመን አገር ሌላ መከራ አገኛቸው። የቀዘፋውን ልክ የሚሰጣቸው ዶን ሂዩም ታሞ ተኛ። አሠልጣኙ አል ኡልብሪክሰን ሌላ ሰው በስፍራው ሊያስቀምጥ አሰበ፤ ጓደኞቹ ግን ያለ ሂዩም አንቀዝፍም ብለው ለመኑት፤ እርሱም እሺ አለ።

ኦገስት 14 ቀን በግሩናው ውሃ ላይ ነፋስ ይነፍስ ነበር። የአሜሪካኖቹ መስመር ነፋሱ የበረታበት የዳር መስመር ነበረ። የማስነሻውንም ቃል ስላልሰሙ ዘግይተው ተነሡ፤ ብዙ መንገድም ከኋላ ሆነው ቀዘፉ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የተመልካቹ ጩኸት ከመብዛቱ የተነሣ የመሪያቸው የቦብ ሞክ ድምፅ አልሰማ አለ፤ እርሱም የጀልባይቱን ጎን በእንጨት እየመታ ፍጥነቱን አሳወቃቸው። ሂዩም ሕመሙ ሳይለቀው ምቱን ጨመረ፤ ሰባቱም ተከተሉት።

2000ውን ሜትር በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሴኮንድ ጨረሱ። ኢጣልያኖች በ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፥ ጀርመኖች በ6 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ደረሱ። በፊተኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሴኮንድ ብቻ ነው።

የፖኮክ ጀልባ ወደ ሲያትል ተመለሰች። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የቀዛፊዎች ቤት ውስጥ፥ ተማሪዎች ምሳቸውን ከሚበሉበት ገበታ በላይ ተሰቅላ ትታያለች።