ገበቴው ውስጥ የሚቀረው

ዲማ የወርቅ አገር ናት። በዚህች የጋምቤላ ወረዳ ከደጋውም ከቆላውም የመጡ ሰዎች ውሃ ዳር አጎንብሰው፣ በጠራራ ፀሐይ አፈሩን በገበቴ እያዞሩ ያጥባሉ። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ውሃው አሸዋውን ጠርጎ ሲወስድ ወርቁ ከታች ይቀራል። እጁ ጭቃ ያልነካ ሰው ግን ወርቅ አያገኝም።

ወዳጆቼ፣ የእምነት ደስታም እንደዚሁ ነው። ኪስ ሲሞላ የመጣ ደስታ፣ ኪስ ሲጎድል አብሮ ይሄዳል። ኑሮ ጠርጎ ከወሰደው ሁሉ በኋላ ከታች የሚቀር ግን አለ፤ እሱ ነው ከባዱ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ደስታ ደጋግሞ የጻፈው እስር ቤት ሆኖ ነው። ባለው ረክቶ መኖርን እንደተማረም በዚያው ደብዳቤ ነግሯቸዋል። ይህ ቃል ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው፤ የሚማሩት ነገር ከሆነ፣ ዛሬ የጎደለን ሰዎች ነገ እንችለዋለን ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ደስታ በአገራችንም ታይቷል። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት የውጭ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ፣ ያጠመቋቸው ምእመናን 50 አይሞሉም ነበር። ከመሪዎቻቸው አንዱ የሆነው ዋንዳሮ ታሰረ፤ ተገረፈ። ጦርነቱ አልፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል አማኞች ጠበቋቸው። ያ ሕዝብ የበዛው በተመቸው ጊዜ አልነበረም።

መርካት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የዲማ ወርቅ አጣቢ የዛሬው ገበቴ ባዶ ቢሆንም ነገ ማልዶ ይወርዳል። እንባን መደበቅም አይደለም፤ ነቢዩ ዕንባቆም መጽሐፉን በአቤቱታ ጀምሮ ነው ከ3 ምዕራፍ በኋላ በደስታ የጨረሰው። ያመማችሁን ለፈጣሪ ንገሩት፤ ከዚያ ግን አመስግኑት።

ከዛሬ ማታ እንጀምር። ከመተኛታችን በፊት የቀሩልንን 3 ነገሮች በስማቸው እንጥራ፤ የልጅ ሳቅ፣ የጎረቤት ቡና፣ የሚሠራ እጅ። ነገ ደግሞ ካለችን ላይ ቆርሰን ለባሰበት እንስጥ፤ የሰጠ ሰው እንዳለው ያውቃል።

እኛ "እንዴት አደራችሁ?" ስንባል ችግራችንን ከመዘርዘራችን በፊት "እግዚአብሔር ይመስገን" የምንል ሰዎች ነን። ሙስሊሙ ወገናችንም "አልሐምዱሊላህ" ይላል። አባቶቻችን ምስጋናን ከወሬ ሁሉ አስቀድመው አስተምረውናል። ነገ ጠዋት ያን ቃል ስትሉት በልማድ አትበሉት፤ ከልባችሁ በሉት።