በራሱ የሚጠጣ ጓሮ

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ አልፎ ምዕመኑ ከአምባሰል ተራራ ሲወርድ ክረምቱም አብሮ ይሰናበታል። ጥቅምት ላይ የሐይቅና የውጫሌ ጓሮ ገና አረንጓዴ ነው። ጎመኑ ሰፊ ቅጠል አውጥቷል፣ ቃሪያው አብቧል፣ ባለቤቱም በእጁ ሥራ ይኮራል። ኅዳር ሲጋመስ ግን አፈሩ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ጓሮውን በሕይወት የሚያቆየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። በልጉንም ቢሆን ወሎ ያውቀዋል፤ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ደግሞ በዚሁ ደረቅ ወቅት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም እዚያው አካባቢ እየዋለ ነው። ለጾም ወጡም ለማፍጠሪያ ሾርባውም አትክልት በሚፈለግበት ሰዓት ጓሮው ባዶ ይሆናል፣ ገበያው ይወደዳል።

ይህን የምጽፈው ጓሮ ጀምራችሁ ለተዋችሁ ሰዎች ነው። የተዋችሁት ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። እስቲ አብረን እናስላው። አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ጓሮ 20 ካሬ ነው። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ አትክልት በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ለ20 ካሬ 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አምስት ያስፈልጋል። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በየቀኑ አንድ ኩንታል ትሸከማላችሁ ማለት ነው። በወር 30 ኩንታል! ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ 90 ኩንታል! ይህን ሸክም ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ማን እንደሆነም እናውቃለን፤ እናት ናት፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ተሸክሞ አንድ ወር የዘለቀ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ በሁለተኛው ወር አቆመ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

ደግሞ ሕይወት አለ። ሰው ሲሞት ቅሬው (እድሩ) ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን እዚያው ይዋላል። ወሎ ውስጥ ከዚህ መቅረት አይታሰብም፤ መቅረትም የለበትም። ልጅ ታሞ ደሴ ይኬዳል። ዘመድ ተድሮ ወረባቦ ይኬዳል። ለስላሳዋ ሰላጣ ግን የሦስት ቀን ጥም አትችልም። ተመልሳችሁ ጠውልጋ ስታገኟት ተስፋችሁም አብሮ ይጠወልጋል፣ «ጓሮ ለእኔ አልሆነም» ትላላችሁ።

ሆኗል። ያልሆነው ሁሉንም ነገር በየማለዳው ተነሳሽነት ላይ መጣሉ ነው። ብርቱ ሰው ማለት በየቀኑ ከራሱ ጋር ታግሎ የሚያሸንፍ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔ በዚህ አልስማማም። የሐይቅን ሰው ሐይቅ ራሱ ሌላ ነገር ያስተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ያጸኑት ገዳም፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶች የተማሩበት፣ እስከ ዛሬ የቆመው በሥርዓት ነው። ደወሉ ሲደወል መነኩሴው ይነሣል፤ ዛሬ ተነሣሥቻለሁ ወይ ብሎ ራሱን አይጠይቅም። ከከተማው መስጊድ የሚሰማው አዛንም እንዲሁ ሰዓቱን ጠብቆ ይጠራል። ሁለቱም ለሰው ያዘኑ ናቸው፤ ድካሙን ያውቁለታልና ውሳኔውን በየጠዋቱ እንደ አዲስ አያስጀምሩትም። ለጓሯችሁም እንዲህ ያለ ጠሪ ስጡት፤ ራስ ሰር ማጠጫ ማለቴ ነው።

ራስ ሰር ማጠጫ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ከሣር መሐል ብቅ ብሎ እየዞረ የሚረጨው ዓይነት ነው። ያምራል፤ ለሰፊ ሣርና ለትልቅ እርሻም ይሆናል። የፊንጫ ሸንኮራ የሚለማው በርጭት መስኖ ነው። ለቤት ግን አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ፤ ትንሹ ረጪ እንኳ በደንብ እንዲበትን 2 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል። ውሃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚያገኘው ግፊት 1 ባር ነው። ያለ ፓምፕ 2 ባር ለማግኘት ሮቶውን 20 ሜትር ላይ፣ ስድስትና ሰባት ፎቅ በሚያህል ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ሊኖርባችሁ ነው። ፓምፕ ከገዛችሁ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጓሮውም ይጠማል። ረጪ ገዝተው ውሃው እግሩ ሥር ሲንጠባጠብ አይተው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች የተሸነፉት በዚህ ስሌት ነው።

መልሱ ያለው እዚያው መንጠባጠቡ ውስጥ ነው። ስምሐ ብላስ የተባለ እስራኤላዊ የውሃ መሐንዲስ አንድ ዛፍ ከጎረቤቶቹ ሁሉ በልጦ አድጎ ያያል፤ ምክንያቱን ሲፈልግ ሥሩ አጠገብ የሚያፈስ ቱቦ ያገኛል። ሌላው ሰው ቱቦውን ጠግኖ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ዓመታት አሰበበትና በ1965 እ.ኤ.አ. ከኪቡጽ ሐጸሪም ገበሬዎች ጋር የጠብታ መስኖ ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ መሠረተ። ዛሬ ከሐይቅ ተነሥታችሁ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጋችሁ ቆቦ ብትደርሱ፣ በቆቦና ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር በተሳበ ውሃ በጠብታም በርጭትም የሚለማ ማሳ አለ። ቴክኖሎጂው ጎረቤታችሁ ነው።

ለጓሯችሁ የሚያስፈልገው ይህ ነው። 1000 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ባለ ጠንካራ ድንጋይ ካብ ላይ ይቀመጥ። ጥቁር ያልኩት ብርሃን የሚያስገባው ዓይነት ውስጡ አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ስለሚያበቅልና የጠብታ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ነው። ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ከገባለት ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ ውሃው ሌሊት መጥቶ ሌሊት ይሞላል፤ እናንተ ተኝታችኋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ አሸንዳ ብታወርዱለት ደግሞ 40 ካሬ ጣሪያ ላይ የጣለ የ25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1000 ሊትር ነው፤ የሚባክነውን ብትቀንሱ እንኳ አንድ ከባድ ዝናብ ሮቶውን ሊሞላው ምንም አይቀረው።

ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ፣ ከማጣሪያው ቀጥሎ ውሃውን በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ታይመር ይግባ። ማጣሪያውን አትዝለሉት፤ የብዙ ሰው መስመር የሞተው በአሸዋና በአልጌ ነው፣ በተለይ ውሃው ከምንጭ ወይም ከሐይቁ ከተቀዳ። ስለ ታይመሩ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ከመስመሩ በቂ ግፊት ካላገኙ አይከፈቱም፤ ከሮቶ ለሚወርድ ውሃ አይሆኑም። በውስጣቸው የምትዞር ኳስ ያለቻቸውና ያለ ግፊትም የሚከፈቱት ናቸው የእናንተ። የሚሠሩት በባትሪ ድንጋይ ስለሆነ የመብራት መጥፋት አይነካቸውም። ሰዓታቸው የሚቆጥረው በውጭው አቆጣጠር ነውና ለጠዋቱ 12 ሰዓት 6፡00 ብላችሁ ሙሉ። ማለዳ የምለው ፀሐይና ነፋስ ሳይበረቱ አፈሩ ጠጥቶ ቀኑን እንዲጋፈጥ ነው።

ሦስት መደብ አውጡ፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ስፋት፣ አምስት ሜትር ርዝመት ይኑረው፣ በመሐላቸው የእግር መንገድ ይቅር። በየመደቡ ሁለት መስመር ብትዘረጉ 30 ሜትር የጠብታ ቱቦ ይበቃችኋል። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀዳዳ ካለው ወደ 100 ጠብታ ይሆናል። አሁን አንድ ብርጭቆ ከአንዱ ጠብታ ሥር አስቀምጡና ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። ያገኛችሁትን በ10 አባዙት፤ የሰዓቱ መጠን ነው። 100 ሚሊ ሊትር ከሆነ በሰዓት አንድ ሊትር፣ ጓሮው በሙሉ በሰዓት 100 ሊትር ይጠጣል። ያ ኩንታል ያለ ጀርባ ደረሰ! መደቡን በገለባ ወይም በደረቀ ሣር ከጎዘጎዛችሁት ሰዓቱን ልትቀንሱ ትችላላችሁ።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያልደረሰላችሁ ሰዎች አላችሁ፤ እናንተም ወደኋላ አትቀሩም። ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቅበሩና ውሃ ሞልታችሁ ክደኑት። አፈሩ ሲደርቅ በሸክላው ግድግዳ በኩል ውሃ ይስባል፣ ሲረጥብ መሳቡን ያቆማል። ቻይናውያን ከ2000 ዓመት በፊት በመጽሐፍ ያሰፈሩት ጥበብ ነው፤ ታይመር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ግን ራስ ሰር ነው። በዙሪያው ቲማቲምና ዱባ ትከሉ። እናንተ ለቅሶ ደርሳችሁ ስትመለሱ ተክሉ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ሐይቃችንም ከዚህ ይጠቀማል። ከአርዲቦ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝና በዙሪያው ተዳፋት የሚመጣውን ውሃ ይቀበላል እንጂ መውጫ የለውም፤ ከጓሮ ታጥቦ የሄደ ማዳበሪያና አፈር እዚያው ይቀራል። በልኩ በጠብታ የተጠጣ ውሃ ግን ብዙም ከሥሩ አልፎ አይሄድም።

መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ ሥራችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ማጣሪያውን እጠቡ። የየመስመሩን ጫፍ ከፍታችሁ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ አፍስሱ። ጠዋት ላይ እንኳ የጠወለገ ተክል ካያችሁ ከአጠገቡ ያለውን ጠብታ በመርፌ ክፈቱ። የቀረው ጊዜ የእናንተ ነው። የልጅቱ ጀርባ ከጄሪካን ነፃ ሆኗልና ደብተሯን ትያዝ፤ እናቲቱ ችግኝ ታፍላ፣ ያልተሞከረ ዘር ትሞክር።

ብቻችሁን አትጀምሩ። የጠብታ ቱቦ በጥቅል ነው የሚሸጠው፤ አንድ ጥቅል ደግሞ ከአንድ ጓሮ ይተርፋል። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ አንሡት፤ ሦስትና አራት ቤት አዋጥታችሁ አንድ ጥቅል ግዙ፣ መጀመሪያ አንድ ጓሮ ላይ አብራችሁ ዘርጉ፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣችሁ ስድስቱን ደቂቃ አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት እለፉ።