የጎረቤት ሞገድና የመርከቧ ሐዲስ



ኢማም አል-ቡኻሪ ከኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሰዎችን ምሳሌ አድርገው አስተምረውናል። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ሲመላለሱ ላይኞቹን ላለማስቸገር ብለው በራሳቸው ድርሻ ቀዳዳ ለመክፈት ያስባሉ። ዝም ከተባሉ ሁሉም ይጠፋሉ፤ ከተከለከሉ ሁሉም ይድናሉ። ሐሳባቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ቦታውም ድርሻቸው ነበር። ታዲያ «በራሴ ድርሻ» የሚለው መብት የት ላይ ያበቃል? በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ የተነሳ አንድ የቴክኖሎጂ ክርክር ይህንኑ ጥያቄ ያሳየናል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የአውሮፕላን የራዲዮ ከፍታ መለኪያ ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፤ ተመልሶ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ መሠረት አድርጎ ከፍታውን ያሰላል። በተለይ ከ2,500 ጫማ በታች፣ ማለትም ለማረፍ ሲቃረብ፣ ወሳኝ ነው። የሚሠራው ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ከመሬት የሚመለሰው ሞገድ በጣም ደካማ ስለሆነ፣ ማጣሪያው ያልጠነከረ መሣሪያ ከጎረቤት ክልል የሚመጣ ኃይለኛ ሞገድ ሊያውከው ይችላል።

የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል ለ5ጂ አገልግሎት በጨረታ ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ስልክ ድርጅቶቹ በገዙት ክልል ውስጥ ነበሩ። የአቪዬሽኑ ወገን ደግሞ የቆዩ መለኪያዎች ሊታወኩ ይችላሉ ብሎ ሰጋ። አገልግሎቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ኤምሬትስን የመሰሉ አየር መንገዶች ወደ አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች የሚያደርጉትን በረራ ለጊዜው አቋረጡ።

ስጋቱ ለምን ቀላል አይደለም?

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. የቱርክ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አምስተርዳም ለማረፍ ሲቃረብ አንዱ የራዲዮ ከፍታ መለኪያው ከዜሮ በታች 8 ጫማ አሳየ። አውቶማቲክ ሥርዓቱ አውሮፕላኑ መሬት የደረሰ መስሎት የሞተሩን ኃይል ቀነሰ፤ አብራሪዎቹም የፍጥነቱን መውረድ በጊዜ አላስተዋሉም። 9 ሰዎች ሞቱ። የዚህ አደጋ መንስኤ 5ጂ አልነበረም፤ ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት መቅደሙ የታወቀ የፊቅህ መርህ ነው። ፈጣን ኢንተርኔት መልካም ነገር ነው፤ የሰው ነፍስ ግን ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ኃላፊነቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የታችኞቹ ውሃ ያስፈልጋቸው ነበር፤ መከልከል ብቻውን ጥማቸውን አያረካም። በአሜሪካም መፍትሔው ከሁለቱም ወገን መጣ፦ ስልክ ድርጅቶቹ በአየር ማረፊያዎች አካባቢ የሞገዱን ኃይል ገደቡ፤ አየር መንገዶች ደግሞ ማጣሪያ ገጠሙ ወይም መለኪያውን ቀየሩ።

ሦስተኛ፣ ዕውቀት አማና ነው። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የምትሆኑ፣ ሥራችሁ ሕጉን ማሟላቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን እንዳይጎዳም ጠይቁ። ጥያቄውም ቀዳዳው ከመከፈቱ በፊት ይነሳ።

ለሐለቃ መወያያ፦ በምትማሩት ሙያ «በራሴ ድርሻ» ተብሎ ሌላውን የሚጎዳ ምን አለ? ላይኞቹስ ለታችኞቹ ምን ማመቻቸት ነበረባቸው?

ወላሁ አዕለም።