በሰው ፊት መታየትና በእግዚአብሔር ፊት መቆም

ክርስቲያን ሁሉ በየቀኑ በሁለት ፊት መካከል ይኖራል። አንዱ የሰው ፊት ነው፤ ሁለተኛው የእግዚአብሔር ፊት ነው። በሰው ፊት ስንሆን የምንጠይቀው «እንዴት እታያለሁ?» ብለን ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ስንሆን ግን ልንጠይቅ የሚገባን «ከአንተ ምን ያህል ርቄአለሁ? እንዴትስ ልመለስ?» ብለን ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ልብ ውስጥ እኩል ሊነግሡ አይችሉም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ ስማችንና ስለ ክብራችን የምንጨነቀው ጭንቀት ከእግዚአብሔር ጋር ያለንን ቅርበት እንዴት እንደሚነጥቀን፥ መድኃኒቱም ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን።

ይህን የነፍስ ደዌ አበው ውዳሴ ከንቱ ብለው ይጠሩታል። በአማርኛችን ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ቃል አለ፤ ትርጓሜውም ከቃሉ ከራሱ ይገኛል፤ ሰዎች እንዲህ ይሉኛል ብሎ መሥጋት ነው። ውዳሴ ከንቱ ምስጋናን ያሳድዳል፤ ይሉኝታ ነቀፌታን ይሸሻል፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸውን የተከሉት በሰዎች ልብ ውስጥ በተሣለው በገዛ መልካችን ላይ ነው።

ሳኦልና ዳዊት

የሁለቱን ነገሥታት የሳኦልንና የዳዊትን ታሪክ ብናስተያይ ነገሩ ግልጥ ሆኖ ይታየናል። ሳኦል አማሌቃውያንን በወጋ ጊዜ የታዘዘውን ትቶ ንጉሡን አጋግንና ከመንጋው የተመረጠውን አተረፈ። ከድሉም በኋላ በቀርሜሎስ ለራሱ የመታሰቢያ ዓምድ አቆመ (1ኛ ሳሙ. 15፥12)። ነቢዩ ሳሙኤል በገሠጸው ጊዜ መጀመሪያ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ አላከከ፤ ኋላም ሕዝቡን ፈርቶ እንዳደረገው ተናግሮ በደሉን አመነ። ነገር ግን ቀጥሎ የለመነው ልመና የልቡን ምሥጢር ገለጠው፤ ነቢዩ በሽማግሌዎቹና በእስራኤል ፊት እንዲያከብረው ለመነ (1ኛ ሳሙ. 15፥30)። መንግሥቱ ከእርሱ እንደ ተወሰደ በተነገረው በዚያች ሰዓት እንኳ፥ የተጨነቀው ከእግዚአብሔር ስለ መለየቱ ሳይሆን በሕዝብ ዓይን ስለሚታየው ክብሩ ነበረ።

የዳዊት ኀጢአት በሰው ሚዛን ቢመዘን ከሳኦል ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ኦርዮንንም በጦርነት አስገደለ። ነገር ግን ነቢዩ ናታን የድሀውን ሰው በግ ምሳሌ አድርጎ በገሠጸው ጊዜ ዳዊት ምክንያት አላቀረበም፤ ማንንም አልከሰሰም፤ ስለ ስሙም አንዳች አልለመነም (2ኛ ሳሙ. 12)። ልመናውን በሃምሳኛው መዝሙር እናገኘዋለን፤ ከሁሉ በላይ የፈራው ከእግዚአብሔር ፊት መጣልን፥ መንፈስ ቅዱስም ከእርሱ መወሰዱን ነበረ። ሁለቱም በድለዋል፤ ለሁለቱም ነቢይ ተልኳል፤ ሁለቱም በደላቸውን በአፋቸው አምነዋል። ነገር ግን አንዱ በሰው ፊት እንዲከብር ለመነ፤ ሁለተኛው ከእግዚአብሔር ፊት እንዳይጣል ለመነ።

ደግሞም ይህን እናስተውል። ስለ ስሙ የሚጨነቅ ንጉሥ ነውሩን ከመጽሐፍ ያስፍቅ ነበር። የዳዊት የንስሓ መዝሙር ግን በርእሱ ናታንንና ቤርሳቤህን እያነሣ እነሆ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ይጸለያል። በአገራችንም በንባብ ቤት ያለ ሕፃን የሚደግመው መጽሐፍ ዳዊት ነውና፥ ገና የራሱን ኀጢአት ሳያውቅ የንጉሡን ኑዛዜ በአንደበቱ ይለምዳል። ዳዊት ክብሩን ለመጠበቅ ስላልተከራከረ፥ ውርደቱ ለማይቈጠሩ ነፍሳት የመመለሻ መንገድ ሆነ።

ይኸው ዳዊት ታቦተ እግዚአብሔር ወደ ከተማው ሲገባ በሙሉ ኀይሉ ዘመረ፤ የሳኦል ልጅ ሜልኮል ግን በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው (2ኛ ሳሙ. 6፥16)። የእኛ ካህናትና መዘምራንም በጥምቀት በዓል በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽቡ የዳዊትን አብነት ይከተላሉ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሜልኮል በመስኮት ሳይሆን በገዛ ልባችን ውስጥ ተቀምጣ ትመለከተናለች፤ ድምፅህ አምሮ ተሰማን? ልብስህስ ተስተካክሏልን? እያለች ትጠይቀናለች። ዛሬ በበዓሉ መካከል በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ለመነሣት ፊቱን ከታቦቱ የሚመልሰውን ወጣት አይተን እናዝናለን፤ ዳሩ ግን እርሱ በአካሉ ያደረገውን እኛ በልባችን ስንት ጊዜ አድርገነዋል?

አጥርና ወኅኒ

ይሉኝታ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ደካማውን ወንድም እንዳያሰናክል ሲል ከመብል እንኳ እንደሚከለከል ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። አንደበትን ከስድብ፥ እጅን ከግፍ የሚከለክል ኀፍረት የነፍስ አጥር ነው። ነገር ግን ያው ኀፍረት ከበደልን በኋላ ወደ ንስሓ እንዳንሄድ ሲይዘን አጥርነቱ ቀርቶ ወኅኒ ይሆንብናል። እንግዲህ መለያው ይህ ነው፤ ከኀጢአት የሚያስቀር ይሉኝታ ይጠበቅ፤ ከንስሓ የሚያስቀር ይሉኝታ ይጣል።

ይህ ወኅኒ ሩቅ አይደለም። የንስሓ አባታችን በበዓል ቀን ወደ ቤታችን ይመጣሉ፤ ጠበል ይረጫሉ፤ ማዕዱን ባርከው ይቀምሳሉ፤ እኛም ደኅና መሆናችንን ነግረን፥ መስቀል ተሳልመን እንሸኛቸዋለን። ይህ ልማድ መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ስንቀባበል ዓመታት አልፈው፥ አንዲት ኀጢአት እንኳ ሳንነግራቸው የቀረን ስንቶች ነን? «አባታችን በጨዋነቴ ያውቁኛል፤ ይህን ብነግራቸው በምን ዓይን ያዩኛል?» እንላለን። ወደ ሐኪም ሄዶ ቍስሉን በነጠላ ሸፍኖ የሚመለስ በሽተኛ እንመስላለን። ካህኑም በበኩሉ እንዳይጠላ ብሎ ባለጠጋውን የንስሓ ልጁን ሳይገሥጸው ቢቀር፥ ያው ደዌ እርሱንም ይዞታል። ናታን በንጉሥ ፊት የቆመው ሞገሱን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም አሳልፎ ሰጥቶ ነውና፥ ለንስሓ አባቶች ሁሉ አብነት ነው።

ወደ ሥጋ ወደሙ ስለ መቅረብም እንዲሁ ነው። በብዙ አጥቢያዎች የሚቈርቡት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ በመካከል ያለው ምእመን ያስቀድሳል እንጂ አይቀርብም። ምክንያቱን ብንጠይቀው አንዱ «ቈራቢ ከተባልሁ በኋላ ብወድቅ መሳለቂያ እሆናለሁ» ይላል፤ ሌላው «እኔ አልበቃሁም» ይላል። ያለ ንስሓና ያለ ዝግጅት መቅረብ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ነገር ግን አልበቃሁም እያሉ ንስሓም ሳይገቡ ዕድሜን መጨረስ ትሕትና አይደለም፤ አሁንም ዓይንን ከራስ ላይ አለማንሣት ነው። ቀራጩ እንዳልበቃ ያውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን በቤቱ አልቀረም፤ በሩቅ ቢቆምም የቆመው በመቅደስ ነው (ሉቃ. 18፥13)። ዘኬዎስም የቀራጮች አለቃና ባለጠጋ ሲሆን፥ በሕዝብ ፊት እንደ ሕፃን ሮጦ ዛፍ ላይ ወጣ። የወጣው ሊያይ እንጂ ሊታይ አልነበረምና ጌታን በቤቱ ተቀበለ (ሉቃ. 19፥1-10)።

የክርስትና ስማችን

ቤተ ክርስቲያን የዚህን ደዌ መድኃኒት ገና በሕፃንነታችን ሰጥታናለች። ወንድ በተወለደ በ40፥ ሴት በተወለደች በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይቀበላሉ። በጸሎትና በንስሓ፥ በመጨረሻም በፍትሐት ጊዜ የምንጠራው በዚህ ስም ነው፤ ዓለም የሰጠን ማዕርግ በዚያ ቦታ የለውም። ስሙን ብንመረምረው ገብረ፥ አመተ፥ ወልደ፥ ወለተ የሚል ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም አገልጋይና ልጅ ማለት ነው። ይህ ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ገብረ ሥላሴ፥ ወለተ ማርያም ተብሎ ካልተያያዘ ጎደሎ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ማንነታችንን ስትነግረን እንዴት እንደምንታይ አልነገረችንም፤ የማን እንደ ሆንን ነገረችን እንጂ።

ስለዚህ ለዕለት ኑሯችን ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፥ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የማያውቀው ጸሎትና ምጽዋት ይኑረን (ማቴ. 6፥1-6)፤ በስውር የተደረገ ጥቂት ነገር በአደባባይ ከተደረገው ብዙ ይልቅ ልብን ወደ አንዱ ተመልካች ይመልሳልና። ሁለተኛ፥ በንስሓ አባታችን ፊት ስንቀርብ ለመናገር እጅግ ያፈርንበትን ኀጢአት አስቀድመን እንናገር፤ የወኅኒው ቍልፍ በዚያ ነው። ሦስተኛ፥ ስንመሰገንም ስንነቀፍም ራሳችንን በክርስትና ስማችን ጠርተን ወደ እግዚአብሔር አጭር ጸሎት እናድርስ። ቅዱስ ጳውሎስ በሰው መፈረድን እንደ ኢምንት መቍጠሩ፥ በራሱም ላይ እንኳ አለመፍረዱ (1ኛ ቆሮ. 4፥3-4) ሰውን ከመናቅ የመጣ አይደለም፤ የሚፈርድለት ጌታ ቅርብ መሆኑን ስላወቀ ነው።

አንድ ቀን ሰዎች ስለ እኛ የሚሉትን ብለው ዝም ይላሉ። ያመሰገኑንም የነቀፉንም ከመቃብራችን አጠገብ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ሳኦል በቀርሜሎስ ያቆመው ዓምድ በፍርድ ቀን ለሳኦል ምስክር አይሆነውም፤ የዳዊት እንባ ግን ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ይጸለያል። እንግዲህ በሰው ዘንድ ያለውን መልካችንን መጠበቅ ትተን፥ በአምሳሉ ወደ ፈጠረን አምላክ ፊታችንን እንመልስ። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።