ልጃችሁ መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ ነው? ከፊደሉ በፊት ሽንት ቤቱን

መስከረም ሲቃረብ ወላጆች የሚጠይቁኝ «ልጄ እስከ ስንት መቁጠር አለበት?» እያሉ ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው «ሱሪውን ራሱ አውልቆ ሽንት ቤት ይቀመጣል ወይ?» ብዬ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ልጅ ይመጣል። አንድ እናት ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል መጥተው ላሊበላ ከተማ የሚኖሩ፣ የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው «ዶክተር፣ የወስፋት መድኃኒት ይስጡልኝ» አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን አያመውም። ሆዱን ስዳስሰው ደረቅ ሰገራ ሞልቶታል። ለካ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጨለማ ነው፤ ልጁ ፈርቶ ይዞ ይውላል። በዚያ ላይ የላስታን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እናቱ ሁለት ሱሪ ደራርበው በቀበቶ ጥብቅ አድርገውታል። ቢደፍርስ በምን ጣቱ ይፈታዋል?

ሰገራ ሲያዝ አንጀት ውሃውን ይመጠዋል። ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ልጁም ስላመመው ይብስ ይይዘዋል። ሲቆይ ደግሞ ቀጭኑ በደረቁ ጎን እያመለጠ ሱሪውን ያበላሻል። ቤት ውስጥ «ተቅማጥ ያዘው» ይባላል፣ ወይም «ሆን ብሎ ነው» ተብሎ ይገረፋል። እባካችሁ አትግረፉት፤ ሳያውቀው ነው የሚያመልጠው። ለዚያ ልጅ ማለስለሻ ሽሮፕ ጀመርንለት፣ እናቱም ከመምህሯ ጋር ተነጋገሩ።

እና ከአሁኑ ጀምሩ። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀት ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የቤታችሁ ሽንት ቤት ባለ መቀመጫ ከሆነና እግሩ ከተንጠለጠለ ከሥሩ በርጩማ አድርጉለት። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ግዙ። ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ አሳዩት፣ ሽንት ቤቱንም ጭምር፤ «መምህር፣ ሽንቴ መጣ» ማለትንም ቤት ውስጥ ተለማመዱ። «መምህሯ ትገርፍሃለች» እያላችሁ ካስፈራራችሁት ግን በጭራሽ አይናገርም። («ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» የምትሉትንም ብትተዉልን ደስ ይለናል!)

የክትባት ካርዱንም አውጥታችሁ እዩ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር፣ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ከቀረ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጆሮው የሚመግል ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ «ፈዛዛ» ከመባሉ በፊት ይታይ። ፊቱን ጠዋት ጠዋት ታጠቡለት፣ ፎጣውም የራሱ ይሁን፤ ትራኮማ በአማራ ክልል አሁንም ብዙ ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ ቆሎና ኦቾሎኒ አትጨምሩ፣ በዚህ ዕድሜ ትንታ ነው የሚሆነው።

ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው ግን ሰኞን ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ማለስለሻም ቢሆን ልጁ ሳይታይ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት።